በመካከል የቆመ ፈተና የለም

መርሳ ከተማ ላይ አንድ አባት ስለ ልጃቸው ትምህርት ብጠይቃቸው «ገና ዘጠነኛ ነው እኮ፣ ምን አጣደፈን? አሥራ ሁለት ሲደርስ ኢንሻአላህ ያጠናል» አሉኝ። ይህን አነጋገር ወልድያም ሆነ ሌላው የሀብሩ ቀበሌ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ታላላቅ ልጆቻቸው በተማሩበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙም ባላስወቀሰ። ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና ይሰጥ ስለነበር፣ ወላጅ የልጁን ደረጃ ሁለት ዓመት ቀድሞ ያውቅ ነበር። ዛሬ ያ ፈተና ቀርቷል። ልጁ የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ካለፈ በኋላ የሚመዝነው የራሱ ት/ቤት ብቻ ነው። ካርዱ ላይ 80 እና 85 እየተጻፈለት አሥራ ሁለተኛ ይደርሳል። ከዚያስ? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ። ካርዱና ፈተናው የተለያየ ነገር ይናገራሉ ማለት ነው።

የእኛ አካባቢ ልጅ ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ስለነበሩ፣ ሌላው አገር ቀድሞ የተፈተነውን ፈተና የዚህ አካባቢ ተማሪዎች በሁለተኛ ዙር ጥር 2014 ዓ.ም. ነው የወሰዱት። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ትምህርት ተቋርጧል። ስለዚህ «ት/ቤቱ ያደርሰዋል» ብሎ መቀመጥ እዚህ ከሌላው ቦታ የበለጠ ያስከፍላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፈተናውን አሠራር እንመልከት። ከ600 የሚታረመው ስድስት ትምህርት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ፣ ሁሉንም ይመለከታሉ። እነዚህ ብቻቸውን 300 ናቸው። ደግሞም በአንድ ዓመት ጥድፊያ የማይያዙት እነርሱ ናቸው፤ ክፍልፋይና እኩልታ ዘጠነኛ ላይ ያልገባው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ሲመጣ መምህሩ መላእክት ቢሆን እንኳ አይረዳውም። በሌላ በኩል ት/ቤት ተዘግቶም ቢሆን ቤት ውስጥ ሊጠኑ ይችላሉ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ አርባ ደቂቃ፣ አንድ ቀን ሒሳብ፣ አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ንባብ። መስኖ ላይ የሚሠራ የጊራና ልጅም ይህን ያህል አያጣም።

የቀረውን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ይመልሰው። የድሮዎቹን የፈተና ወረቀቶች ፈልጎ፣ ክረምት ሲገባ ልጁን ሰዓት ይዞ ማስቀመጥ ነው። ሲያርሙለት ማዘን አያስፈልግም፤ የተፈለገው ድክመቱን ማወቅ ነው። አሥራ አንደኛ ላይ ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ የሚለው ምርጫም በዚህ ውጤት ይወሰን። አሁን ብዙው የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዕቅድ ሲወጣ ረመዷንም ይቆጠር። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 22 የገባው ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ ዛሬ ዘጠነኛ ያለ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ ወደ ጥር የመንፈቀ ዓመት ፈተና ይጠጋበታል። ከባዱን ምዕራፍ ከጾሙ በፊት መጨረስ፣ በጾሙ ወር ክለሳን ማድረግ ይሻላል።

ለሴት ልጆች ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጅቷ ከቤት ወጥታ ማደር ሊኖርባት ይችላል። «ማን ጋር ትሄዳለች? የት ታድራለች?» የሚለው ጭቅጭቅ በፈተናው ሳምንት ሲነሣ የሚረበሸው የእርሷ ልብ ነው። ከአንድ ክፍል ከሚሄዱት ልጆች ወላጆች ጋር ግንቦት ላይ ተገናኝታችሁ ተነጋገሩበት።