ሰባቱ ቀሪዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሒሳብ በሰንበት ትምህርት ቤት ምን ይሠራል ትሉን ይሆናል። አምና ለመንፈሳዊ ጉዞ አውቶቡስ ስንከራይ ሒሳቡን ያሰላነው እኛው ነበርን። በስሕተታችን ሰባት ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀሩ። ከነርሱም ሁለቱ ሌሊቱን ስንቅ ሲያሰናዱ ያደሩ እናቶች ነበሩ። ስለዚህ ዘንድሮ ጥያቄውን ከነአሠራሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ጥያቄው በአምናው ቁጥር ይህ ነው። 142 ምእመናን ለግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። አንድ አውቶቡስ 45 ሰው ይይዛል። ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል?

142 ለ45 ሲካፈል 3 ደርሶ 7 ይቀራል፤ በነጥብ ሲጻፍ 3.16 ያህል ነው። በክፍል የተማርነው የማጠጋጋት ደንብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከ5 ካነሰ ተዉት ይላል። እኛም በዚሁ ደንብ "3 ይበቃል" አልን። ነገር ግን ቀሪው 7 በር ላይ የሚቆም ሰው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ 4 ነው። "ትርፉ ቆሞ ይሂድ" ማለትም አይገባም፤ ከልክ በላይ መጫን የሁሉንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

አሁን ኪራዩን እንጨምርበት። አውቶቡሱ 9,000 ብር፣ 12 ሰው የሚይዘው ሚኒባስ ደግሞ 3,000 ብር ነው እንበል።

ሀ. 4 አውቶቡስ፦ 36,000 ብር፣ ባዶ ወንበር 38።
ለ. 3 አውቶቡስና 1 ሚኒባስ፦ 30,000 ብር፣ ባዶ ወንበር 5።
ሐ. 2 አውቶቡስና 5 ሚኒባስ፦ 33,000 ብር፣ ባዶ ወንበር 8።
መ. 12 ሚኒባስ፦ 36,000 ብር፣ ባዶ ወንበር 2።

እንግዲህ የሚሻለው "ለ" ነው። ባዶ ወንበር ያነሰበት ሁሉ ርካሽ እንዳልሆነም ከ"መ" እንማራለን።

መዋጮውስ? 30,000 ለ142 ሲካፈል 211.27 ያህል ይሆናል። 211 ብር ብንሰበስብ 38 ብር ይጎድላል። 212 ብንሰበስብ ግን 104 ብር ይተርፋል። እዚህም ወደ ላይ እናደርሳለን።

በተረፈው 104 ብር ባለ 15 ብር ጧፍ ብንገዛስ? ሲካፈል 6.93 ያህል ነው። ወደ 7 ቢጠጋም የምናገኘው 6 ጧፍ ብቻ ነው፤ ሰባተኛውን የሚገዛ ገንዘብ የለንምና። እዚህ ወደ ታች እናወርዳለን።

ስለዚህ ቁጥሩን ከማጠጋጋታችን በፊት "ቀሪው ምንድን ነው?" ብለን እንጠይቅ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው እረኛ ዘጠና ዘጠኙ አሉልኝ ብሎ አንዷን አልተዋትም። እኛ ግን ሰባት ትተን ሄድን። እነዚያ እናቶች ዘንድሮም ስንቅ ሊያሰናዱ ፈቅደዋል፤ ስማቸውንም ከሁሉ አስቀድመን ጽፈነዋል።

መልመጃ፦ ተጓዦቹ 200 ቢሆኑ ርካሹ አከራይ የትኛው ነው? መልሱን በሚመጣው ሰንበት ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።