ቀበሮን በሌሊት ስለ መተኮስ፤ በቤት ስለሚሠሩ መሣሪያዎችና ስለሚያመጡት አደጋ

በግና ፍየል በሚረባበት አገር ሁሉ ቀበሮ የታወቀ ሌባ ነው። ጠቦቱንና ግልገሉን፥ ዶሮውንም ይወስዳል፤ የሚመጣውም ሰው ሲያርፍና ውሻ ሲሰንፍ ነው። ስለዚህ ከብቱ የተነካበት ሰው ለሹም አቤት ከማለቱ አስቀድሞ ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አውርዶ፥ ቆርቆሮ ቀዶ መብራት ሠርቶ፥ ባላ ቆርጦ ከበረቱ አጠገብ ያድራል። ብልኀቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በቀበሮው ፈንታ እረኛው፥ ወይም ውሻው፥ ወይም ከጎረቤት ቤት ለጉዳዩ ወደ ደጅ የወጣ ሰው ሊመታ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ በማግሥቱ ወደ ወረዳው ሹም የሚመጣው በበግ ክስ ሳይሆን በደም ክስ ነው። ሹሞችና ባለ እርሻዎች ይህን ሥራ ከመፍቀዳቸው ወይም ከመከልከላቸው በፊት ምክንያቱን አውቀው ይወስኑ ዘንድ የሚከተለው ተጽፏል።

በመጀመሪያ ቀበሮ የሚባለው የትኛው አውሬ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ስም ለብዙዎች ይነገራልና። በኢትዮጵያ ከበረት የሚሰርቁት ጀርባው ጥቁር የሆነው፥ በጎኑ ላይ መሥመር ያለበት፥ ደግሞም ጠጕሩ ወደ ወርቅማ የሚያደላው ናቸው። ይህ በመጨረሻ የተጠራው ብዙ ዘመን ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ወገን ነው ሲባል ኖሮ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የታተመ የዘር ምርመራ ለተኩላ የሚቀርብ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን ገልጧል።

ቀይ ቀበሮ ግን ከነዚህ ሁሉ ልዩ ነው። ባሌን፥ ስሜንን፥ የመንዝ ጓሳንና እነዚህን የመሰሉትን ከፍተኛ ደጋዎች ካልሆነ በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም፤ ከኢትዮጵያም ውጭ በዓለም በየትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቢቈጠሩ ከ500 አይበልጡም፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራራዎች ናቸው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ የሚያድነውም ይበልጡን በቀን ነው፥ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። እንግዲህ ቀይ ቀበሮን በሌሊት የተኰሰ ሰው የመታው የገብሱን አይጥ የሚበላለትን፥ በጉን ያልነካበትን፥ ተኝቶ ያገኘውን አውሬ ነው። በቀን ብርሃን ቢሆን የጠጕሩ ቅላት፥ የጕሮሮው ንጣት፥ የእግሩ ቅጥነትና የጅራቱ ጫፍ ጥቁረት ይለዩታል፤ በፋኖስ ብርሃን ግን ቀለም ሁሉ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት ደጋ በሌሊት መተኰስን ጨርሶ መከልከል እንጂ ተጠንቅቃችሁ ተኵሱ ማለት አይበቃም። በሌላውም ስፍራ ቢሆን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በ1999 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 541 እንደ ተከለከለ፥ የጠመንጃው ፈቃድም በ2012 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1177 እንደሚመረመር ሹሙ አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋል።

የሌሊት አደን ሥርዐቱ ሁሉ በዐይን ላይ የቆመ ነው። ከቀበሮ ዐይን በስተኋላ ብርሃንን እንደ መስተዋት የሚመልስ ስስ ሽፋን አለ፤ አውሬው በጨለማ የሚያይበትም፥ መብራት ሲበራበት ዐይኑ እንደ ፍም የሚታይበትም ምክንያት ይኸው ነው። አዳኙ ሁለት ፍም አይቶ በመካከሉ ይተኵሳል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሽፋን ለበግም፥ ለላምም፥ ለድመትም፥ ለውሻም አላቸውና፤ ሌላው ቀርቶ በሣር ውስጥ ያለች ሸረሪት እንኳ ዐይኗ ያበራል። ከቀለሙ ለይቼ ዐውቃለሁ የሚል አዳኝ አይጠፋም፥ ነገር ግን ቀለሙ አውሬው ራሱን ባዘነበለ ቍጥር ስለሚለወጥ ምስክር አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሰው ዐይን ይህ ሽፋን የሌለው መሆኑ ነው። ከበረቱ ኋላ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ እረኛ መብራት ቢበራበት ዐይኑ አያበራም፤ አዳኙም «ዐይን አላየሁም፥ ስለዚህ ሰው የለም» ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ሰው ያስገድላል። አካሉ ሁሉ፥ ይኸውም ጆሮው፥ ጀርባውና ጅራቱ ተለይቶ ካልታየ በቀር ቃታ መሳብ አይገባም።

የሰው ዐይን ከብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የለመደውንም አንድ ክብሪት ያጠፋበታል። ስለዚህ ትንባሆ እያጨሰ የሚጠብቅ ዘብ ዕውር ሆኖ እንደሚጠብቅ ይቈጠራል። ቀይ ብርሃን ግን ይህን ልማድ ብዙ አይሰብረውም፤ በመብራቱ ፊት ቀይ ጨርቅ ወይም ቀይ ወረቀት የሚያስሩ ሰዎች ምክንያቱን ባያውቁትም ሥራቸው ልክ ነው። ደግሞም በጨለማ የሚፈለገውን ነገር በቀጥታ ከማየት በጥቂቱ ወደ ጎኑ ማየት ይሻላል፤ የዐይን መካከሉ ለቀን እንጂ ለሌሊት አልተሠራምና።

በቤት ከሚሠሩት መብራቶች ቀላሉ አንዱ ወገኑ የተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ተወልውሎ ኩራዝ ወይም ሻማ ይቀመጥበታል፥ ብርሃኑንም ወደ ፊት ይመልሳል። ለበረት በር ይበቃል፥ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ጕዳቱ እሳቱ ነው። መኸር በሆነ ጊዜ የጭድ ክምር አጠገብ ተቀምጦ የተረሳ ኩራዝ አንድ ቀበሮ በዓመት ከሚወስደው የበለጠ በአንድ ሰዓት ያጠፋል። በመጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን 300 ቀበሮዎች ይዞ በየጅራታቸው መካከል ችቦ አስሮ የፍልስጥኤማውያንን አዝመራ እንዳቃጠለ ተጽፏል፤ እርሱ ግን አስቦ አደረገው እንጂ በስሕተት አልነበረም።

ካርባይድ የሚባለውን ድንጋይ በጣሳ አድርጎ ውሃ በማንጠባጠብ የሚሠራው መብራት ከኩራዝ እጅግ ይበራል። በማዕድን ጕድጓድና በብስክሌት ሲያገለግል የኖረ ነው። ከድንጋዩና ከውሃው የሚወጣው ጋዝ ግን ከአየር ጋር ጥቂትም ብዙም ተቀላቅሎ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ክዳኑ የተበየደ፥ መተንፈሻው የጠበበ የቤት ሥራ ጣሳ ቦምብ እንጂ መብራት አይደለም። ይህን ዐይነት የፋብሪካ ካልሆነ መከልከል ይሻላል። የመኪና ባትሪ ተሸክሞ የመኪናውን የፊት መብራት በእንጨት ላይ አስሮ መሄድም አለ። ብርሃኑ መልካም ነው፥ ነገር ግን ሽቦው የተላጠ እንደ ሆነ ይቃጠላል፤ በጀርባ የተሸከሙት ባትሪ ሲዘነበል ውስጡ ያለው አሲድ ልብስና ሥጋ ይበላል። ባትሪው መሬት ላይ ይቀመጥ፥ ሽቦው ይርዘም፤ የሚሸከም ሰው አያስፈልገውም።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬ በብዛት የሚታየው የእጅ ባትሪን ከጠመንጃው አፈ ሙዝ በታች በጠፍር ወይም በብስክሌት ከመነዳሪ ማሰር ነው። ብልኀቱ ሲታይ ያማረ ነው፤ መብራቱ ባለበት ጥይቱ ይሄዳልና። ነገር ግን ሰውዬው በዚያው ባትሪ መንገድ ይፈልጋል፥ የወደቀ ቀለህ ይፈልጋል፥ የመጣውን ሰው ማንነት ይለያል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የጎረሰ ጠመንጃ ወደ ሰው ደረት እያዞረ ነው። ጓደኛውን በስም ጠርቶ ፊቱን ለማየት ብርሃኑን ያበራበት ሰው አፈ ሙዙን ደግሞ አነጣጥሮበታል። ስለዚህ መብራቱን የሚይዝ ሌላ ሰው ይሁን፤ እርሱም ከተኳሹ ኋላ በቀኝ ወይም በግራ ትከሻው አጠገብ ይቁም እንጂ ወደ ፊት አይቅደም። ብቻውን የሚያድር ዘብ ግን ለመንገድ የሚሆነውን ባትሪ ለብቻው በኪሱ ይያዝ።

ስለ ማነጣጠሪያው የሚደረገው ብልኀት ጕዳት የለውም፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። በጨለማ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ስለማይታይ ተኳሽ ሁሉ አፈ ሙዙን ከፍ ያደርጋል፥ ጥይቱም በአውሬው ላይ ያልፋል። ማነጣጠሪያውን ኖራ መቀባት፥ ወይም ነጭ የጥጥ ፈትል መጠምጠም፥ ወይም በአፈ ሙዙ ርዝመት ነጭ ወረቀት መለጠፍ ይህን ስሕተት ይቀንሳል። የማስደገፊያ ባላም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ከባላ ይልቅ ግን ገለባ የተሞላ ጆንያ ይሻላል። ባላው ላይ ተደግፎ የተተወ ጠመንጃ ፍየል ስትነካው ይወድቃልና፥ የወደቀ አሮጌ ጠመንጃም ቃታው ሳይነካ ሊተኵስ ይችላል።

ስለ አሮጌ ጠመንጃ ከተነሣ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። በየቤቱ ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረው ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር በፈረንጆች በ1874 የተቀበለው፥ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጐርስ፥ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። ጢስ የሌለው ባሩድ በጦር ጠመንጃ የገባው ከዚያ በኋላ በ1886 በለበን ነው። አዲሱ ባሩድ ከጥቁሩ እጅግ የበረታ በመሆኑ፥ ባዶ ቀለህ ሰብስቦ በቤቱ የሚሞላ ሰው በጥቁሩ ልክ አዲሱን ቢሰፍር ጠመንጃው በፊቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዝናብ እንዳይገባበት በአፈ ሙዙ ጨርቅ የመወተፍ ልማድም እንደዚሁ አፈ ሙዝ ያፈነዳል፤ ቀበሮው በድንገት ሲመጣ ጨርቁ ይረሳል። በጨለማ ተደናቅፎ አፈ ሙዙን መሬት ያስነካ ሰው ጥይቱን አውጥቶ፥ ቀዳዳውን በብርሃን አሻግሮ ሳያይ መተኰስ የለበትም። ጭቃው የአንድ ጣት ስፋት ቢሆን እንኳ ይበቃል።

ቃታው ተስቦ ጥይቱ ያልፈነዳ እንደ ሆነ ደግሞ ወዲያው መክፈት የብዙዎች ስሕተት ነው። እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ ይነሣል። አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት መሬት አድርጎ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፥ ይልቁንም አንድ ደቂቃ ሙሉ መቈየት፥ ከዚያ በኋላ ፊትን ዘወር አድርጎ መክፈት ይገባል። ቀበሮው ያመልጣል፤ ያምልጥ።

አሁን ስለ ክፉው ብልኀት። ጠመንጃውን በሁለት ችካል አስሮ፥ ቃታውን በሲባጎ ከበረቱ በር ወይም ከአጥሩ ቀዳዳ ጋር አያይዞ ወደ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ አለ። ሲባጎው ቀበሮን ከሕፃን፥ ሌባን ከአዋላጅ አይለይም። በእንግሊዝ አገር ባለ ርስቶች ለአዳኝ ሌቦች ሲያጠምዱት የነበረው እንዲህ ያለ ጠመንጃ የመንደሩን ልጆችና የራሳቸውን አሽከሮች ስለ መታባቸው በ1827 በሕግ ተከልክሏል። በማንኛውም ወረዳ ይህ ወጥመድ የተገኘ እንደ ሆነ ሰው ሳይጐዳ እንኳ ሹሙ ሊያስፈርስና ሊያስጠይቅ ይገባዋል፤ ባለ ቤቱ «ለአውሬ ነው» ማለቱ ምክንያት አይሆነውም።

የተሳተ ጥይት የት ይወድቃል? ተኳሹ አውሬውን 40 ሜትር ላይ ያያል፤ የጦር ጠመንጃ ጥይት ግን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ድንጋይ የነካውም አቅጣጫውን ለውጦ ይነጥራል። ቀበሮ ከኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ በሰማይ ሲታይ ለመተኰስ የሚያጓጓ ነው፥ ከኋላውም መንደር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዘቡ የሚቀመጥበት ስፍራ በቀን ይመረጥ፤ ተኳሹ በማማ ወይም በከፍታ ላይ፥ አውሬውም ከታች፥ ከበስተኋላውም ለስላሳ ዐፈር ወይም ገደል ግድግዳ ይሁን። የሚተኰስበት ወገን በሁለት ነጭ ድንጋይ ወይም በኖራ በተቀባ ችካል ይወሰን፥ አፈ ሙዙም ከሁለቱ ውጭ አይለፍ። የመንደሩም ሰው በየትኛው ሌሊትና በየትኛው ሜዳ ተኵስ እንዳለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነገረው። ሹም አንድ ቃል ብቻ ለማዘዝ ጊዜ ቢኖረው ይህን የመጨረሻውን ይዘዝ፤ በሌሊት የሚደርሰው ግድያ አብዛኛው የሚመጣው ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን መውጣት ባለማወቃቸው ነው።

በእሾህ የታጠረ፥ በሩ በሳንቃ የተዘጋ ጋጣና ንቁ ውሻ ከአንድ ጠመንጃ ይልቅ ብዙ ጠቦት ያድናሉ፤ ይህን ያላደረገ ሰው አንዱን ቀበሮ ቢገድል ሌላው በስፍራው ይተካል። ውሻው ግን ለእብደት በሽታ ክትባት የተሰጠው ይሁን። በፈረንጆች በ1991ና በ1992 በባሌ ከነበረው ቀይ ቀበሮ ብዙውን የፈጀው ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ነው፤ ቀበሮም መልሶ ለውሻና ለሰው ያስተላልፋል።

በተኵስ የቈሰለን ቀበሮ በሌሊት ተከትሎ ወደ ቍጥቋጦ መግባት አይገባም። የተኳሹ ዐይን በተኵሱ ብልጭታ ለጊዜው ታውሯል፥ ጓደኞቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል፥ ጠመንጃውም እንደገና ጐርሷል። ጥይቱ ይውጣ፥ ስፍራው በችካል ይታወቅ፥ ፍለጋውም ጎሕ ሲቀድ ይሁን። የሞተውን አውሬ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ያለ ፍርሃት በቀን ወደ ሰው ይቀርብ የነበረ ወይም ሲንገዳገድ የታየ ከሆነ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ቆዳው አይገፈፍ። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቍስሉን የነካው ሰው ቢኖር ስፍራውን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥብ፥ ያን ዕለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በሽታው ከተገለጠ በኋላ መድኃኒት የለውምና። ሬሳው በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፥ ድንጋይም ይጫንበት፤ የጉድጓዱም ዐፈር ውሾች እንዳይቈፍሩት በእሾህ ይሸፈን።