ጭድ፣ ቃጫና የተደበቀው ጉድለት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚያያይዘው ጭዱ ነው። ታዲያ ጭዱ የሻገተ ከሆነ ምን ሊይዝ ነው?

ጭድም ሆነ ቃጫ፣ ጥንካሬው የሚለካው በደካማው ቦታ ነው። ቃጫ ሲፋቅ ከታጠፈ እጥፋቱ ውስጡን ይጎዳዋል፤ ሲጎተትም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ይበጠሳል። ረጅም ክር ጉድለት የመያዝ ዕድሉ ስለሚሰፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካጭሩ ባነሰ ሸክም ይበጠሳል።

በክፍል እንሞክረው፦ ከአንድ ቃጫ እኩል ክሮች ቆርጠን፣ ገሚሶቹን በጥፍር አጥፈን፣ ጣሳ አንጠልጥለን ጠጠር እንጨምር። የትኛው ቀደመ? ከየት ተበጠሰ? በአንድ ክር ብቻ አንፍረድ፤ 10፣ 10 እንሞክር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ አንዱ ሲበጠስ ግን ሸክሙ በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የክፍላችንን ግድግዳ ስናስመርግ አስቀድመን ጭዱን እንይ!