በማሰሮ የተተከለ ጌሾ አገራረዝና የቅጠሉ አለቃቀም

በልደታ ሠፈር አሮጌዎቹ ግቢዎች በነበሩበት ዘመን፥ ጠላ የምትጠምቅ እናት ጌሾዋን ከገበያ ብቻ አትጠብቅም ነበር፤ ከጓሮዋ አጥር ሥር የቆመው ተክል ይደርስላት ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከሠፈሩ ብዙው ክፍል ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲሠሩ፥ ጓሮው አብሮ ጠፋ። አንዳንዶች እናቶች ጌሾውን በማሰሮና በአሮጌ ሳፋ ተክለው ወደ ፎቅ ይዘውት ሲወጡ አይተናል። ይህ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በጓሮ እንደ ለመዱት ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው ሲሸመጥጡት፥ ተክሉ ሳያገግም ይደርቅባቸዋል። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱም የት እንዳለ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ጌሾ በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይድስ ይባላል። ከአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፥ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ፥ በበጋም ጨርሶ የማይረግፍ ነው። ቅጠሉና እንጨቱ ለጠላና ለጠጅ ምሬቱን ይሰጣሉ።

ቅጠል ለተክል ማድ ቤቱ ነው። በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ ከዕለት ፍጆታ የተረፈውም በግንዱና በሥሩ ስታርች ሆኖ ይከማቻል። ቅጠሉ በተወሰደ ጊዜ አዲሱ ቅጠል የሚወጣው ከዚህ ጎተራ ነው። በጓሮ ያለ ጌሾ ሥሩ ሰፊ ስለ ሆነ ጎተራው ሙሉ ነው፤ የማሰሮው ግን ሥሩ ጠባብ፥ ስንቁም ጥቂት ነው። ደግሞም የቅርንጫፉ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ፥ በየቅጠሉ ብብት ያሉትን ቡቃያዎች እንዳይነሡ ያግዳቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ እነዚያ ይነቃሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍም ሁለትና ሦስት ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ብዙ ሆኖ የሚያቆጠቁጠውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ሙያ ብዙ የደከሙት፥ ቦንሳይ በሚባለው ጥበባቸው ዛፍን በሳሕን የሚያሳድጉት ጃፓኖች ናቸው። አንዳንዱን ዛፍ በበጋቸው መግቢያ ቅጠሉን በሙሉ ያራግፉታል፤ የሚተካውም ቅጠል ትንንሽ ይሆናል። ቢች የሚባለውን ዛፍ ግን (በቋንቋቸው ስሙ «ቡና» ነው፤ ከእኛ ቡና ጋር ዝምድና የለውም) እንዲህ አያደርጉትም። ይህ ዛፍ ቅጠሉን የሚያወጣው ይልቁንም በዓመት አንድ ጊዜ ነውና፥ ቢራቆት በቶሎ አይተካም። ስለዚህ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ ከላይና ከዳር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ይቀንሱለታል። ጌሾ ሙቀትና ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን በማሰሮ ሲታሰር እንደ ቢች በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጊዜውን መምረጥ። የበልግ ዝናብ ሲጀምር፥ በመጋቢት ቢሆን ይመረጣል። የተለቀመው ቅጠል ደርቆና ተወቅጦ ለግንቦት ልደታ ጠላ ይደርሳል፤ ተክሉም ክረምቱን ይዞ ያገግማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድና ድርቅ ስላለ አይነካም።

2ኛ፤ ጤንነቱን ማየት። በዚያው ዓመት የተተከለ ወይም ማሰሮው የተለወጠ ተክል ይቆየው።

3ኛ፤ መግረዝ። አስቀድሞ የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ማውጣት፤ ቀጥሎ የረዘመውን ጫፍ፥ ወደ ውጭ ከሚመለከት ቅጠል ጥቂት ከፍ አድርጎ በስለታም መቀስ መቁረጥ።

4ኛ፤ ቅጠሉን መልቀም። በእጅ ወደ ታች መሸምጠጥ ልጡን ይልጣል፤ በብብቱ ያለውንም ቡቃያ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ የቅጠሉን እግር አስቀርቶ በመቀስ መቁረጥ ነው፤ የቀረው እግር በኋላ ራሱ ይወድቃል። ከላይ ካሉት ብርቱ ቅርንጫፎች የበሰለውን ቅጠል ወስዶ፥ የታችኛውንና የውስጡን መተው፤ በጠቅላላው ከግማሽ አለማለፍ።

5ኛ፤ ውኃ መቀነስ። ቅጠሉ የጎደለ ተክል ጥቂት ይጠጣል። አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት፤ የማሰሮው ቂጥም ቀዳዳ ይኑረው።

ይህን የመጨረሻውን የተማርነው ከራሳችን ጥፋት ነው። የአንዲት ጎረቤታችንን ጌሾ ለማገዝ ብለን በኅዳር ቅጠሉን ጨርሰን ሸመጠጥነው፤ ከዚያም እንዲያገግም በማሰብ ማለዳ ማለዳ ውኃ አፈሰስንበት። በጥር ነቅለን ስናየው ሥሩ በስብሶ ነበር። ተክሉን ከፈረሰው ግቢያቸው ያመጡት እርሳቸው «ተዉት ልጆቼ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገሩንም።

እንግዲህ የአንድ ማሰሮ ጌሾ ለጠላ ነጋዴ አይበቃም፤ ለዓመት በዓል ጥንስስ ግን የገበያውን ያግዛል። ከሁሉም ይልቅ እናቶቻችን ከጓሮው ጋር ሊጠፋ የነበረውን ተክል ማዳናቸው ትልቅ ነገር ነው። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው መቀሱን ስንይዝ፥ አስቀድመን «ይህ ተክል ስንቅ አለውን?» ብለን እንጠይቅ።