በርጩማ፣ ሥራና የተቀማጭ ሰው እንቅስቃሴ፦ ለነቀምት የእንጨት ሥራ የቀረበ የንድፍ ሐሳብ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ሰው ተቀምጦ ሳለ እንዲንቀሳቀስ የሚያግዝ ወንበር እንዴት ሊነደፍ እንደሚገባ ይመረምራል። መነሻው በወለጋ ቤቶች የሚገኘው በርጩማ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ እንቅስቃሴ ከወንበሩ ይልቅ ወንበሩ ከሚያገለግለው ሥራ በይበልጥ ስለሚመነጭ፣ ሁለቱ በአንድነት ሊነደፉ ይገባል የሚል ነው።

1. የችግሩ መነሻ

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኙት ዲስኮች በአዋቂ ሰው ዘንድ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸው ከአካባቢያቸው ሰርጎ ይደርሳቸዋል፤ ጫና ሲበዛባቸው ፈሳሽ ያጣሉ፣ ጫናው ሲቀል መልሰው ይስባሉ። ስለዚህ «ትክክለኛ» የተባለውን አቀማመጥ እንኳ ቢሆን ለሰዓታት ሳይለውጡ መቆየት ለጀርባ አይበጅም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በታንዛኒያ ሐድዛ ማኅበረሰብ ላይ የታተመ ጥናት ነገሩን በሌላ ገጽታ ያሳያል። ሐድዛዎች በቀን ወደ 10 ሰዓት ገደማ አርፈው ያሳልፋሉ። ነገር ግን የዕረፍቱን ከፊል ቁጢጥ ብለው ስለሚያሳልፉ፣ የእግር ጡንቻዎቻቸው በወንበር ከመቀመጥ ይልቅ በሥራ ላይ ይቆያሉ። እንግዲህ ጥያቄው ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምንቀመጥ ጭምር ነው።

2. የበርጩማ ትምህርት

ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ምስማርም ማጣበቂያም የለውም። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ፣ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ አይነቃነቅም። ዝቅ ያለ ነው፤ መደገፊያ የለውም።

በጨለለቂም ሆነ በሌላው የነቀምት ሰፈር ቡና የምታፈላ ሴት በበርጩማዋ ላይ ሆና ከሰሉን ታራግባለች፤ ጎንበስ ብላ ትቆላለች፤ ተነሥታ የተቆላውን ለእንግዶች ታዞራለች፤ ተመልሳ ጀበናውን ትጥዳለች። ሰውነቷን የሚያንቀሳቅሰው ሥራዋ ነው፤ የበርጩማው ድርሻ እንቅስቃሴዋን አለመከልከል ነው።

በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የሚሠራ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሆናል። እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቱና ወገቡ ግን በመርፌው ላይ እንዳቀረቀሩ ይቆያሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለቱንም ያጣል፤ እግሩም ወገቡም በአንድ ስፍራ ይውላል።

3. የውጭው ልምድ

ኖርዌያዊው ንድፍ አውጪ ፔተር ኦፕስቪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «ቫሪያብል ባላንስ» ወንበር ላይ መቀመጫውን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ የጉልበት ማሳረፊያ አክሎ፣ ከሥሩ እንደ ጨረቃ የጎበጡ እንጨቶች ገጠመለት፤ ተቀማጩ በትንሽ ግፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ሆኖም ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ያፕ ፋን ዲየንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ቋሚና ተንቀሳቃሽ ወንበሮችን ሲያወዳድሩ፣ የጀርባን እንቅስቃሴና የጡንቻ ሥራ በይበልጥ የወሰነው የሥራው ዓይነት መሆኑን አገኙ። በተንቀሳቃሾቹ ላይ ሲሠራ ግን የተቀማጮቹ ቁመት የተሻለ ጭማሪ አሳይቷል፤ ይህም በአከርካሪ ላይ የነበረው ጫና መቅለሉን ይጠቁማል። እንግዲህ ወንበር ይረዳል፤ ሥራውን ግን አይተካም።

4. የንድፍ ሐሳብ

ከበርጩማ ሊወሰድ የሚገባው ቅርጹ ሳይሆን ነፃነቱ ነው። ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ለጠረጴዛ ሥራ ከፍ ሲደረግ፣ የተቀማጩ ክብደት ከእግሮቹ ሦስት ማዕዘን በቀላሉ ስለሚወጣ የመገልበጥ አደጋ አለው። ስለዚህ ለቢሮና ለቤተ መጻሕፍት የሚከተለው ይታሰባል፦

ሀ) አራት እግር ያለው፣ የፊት ጠርዙ የተላገና የተድበለበለ፣ እግርን ወደ ኋላ ለመሳብ ከሥሩ ክፍት የሆነ ቋሚ፤
ለ) እንደ አልጋ በጠፍር የተጠለፈ መቀመጫ፤ ጠፍር ከክብደት ጋር ስለሚረግብ ዳሌ ጥቂት ዘንበል ቀና እንዲል ይፈቅዳል፤
ሐ) ተዘውትሮ የሚፈለገው መዝገብ እጅ በማይደርስበት፣ ግን በሁለት እርምጃ ርቀት የሚቀመጥበት የክፍል አደረጃጀት።

ቋሚው ከቀጫጭን እንጨት ስለሚገጣጠም፣ እንደ በርጩማ ወፍራም የዋንዛ ግንድ አይጠይቅም።

5. አፈታተሽ

ንድፉን ለመፈተሽ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ የንባብና የመዝገብ ሥራ፣ በተለመደው የፕላስቲክ ወንበርና በጠፍሩ ወንበር ላይ፣ ክፍሉ እንደ ነበረና እንደ አዲስ ተደራጅቶ ማሠራት ይበቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቀማመጡን ስንት ጊዜ እንደለወጠ ይቆጠር፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ቁመቱ በጥንቃቄ ይለካ። ወንበሩ ተለውጦ ክፍሉ ሳይለወጥ ሲቀር ቁጥሩ ካልጨመረ፣ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይጸናል፤ በወንበሩ ብቻ ከጨመረ ደግሞ ሐሳቡ መታረም ይኖርበታል።

6. መደምደሚያ

ለመሥሪያ ቤት ወንበር ሲገዛ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ዋጋውና ጥንካሬው ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን፣ በላዩ የሚቀመጠው ሰው በቀኑ ውስጥ ለምን ምክንያት እንደሚነሣ ነው። ምክንያት ከሌለው፣ ወንበሩ ምንም ያህል ቢራቀቅ ሰውየውን ከስፍራው አያነቃንቀውም።