ወንበሩን ነቅሎ የበረረው አየር መንገድ

እዚህ ቱላ አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። እኔ ገና አልተሳፈርኩም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ ግን አንብቤ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተቋቋመ። ቲ ደብሊው ኤ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ በባለሙያ አገዘው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አውሮፕላኖቹ ሲ-47 ይባላሉ፤ ለጦርነት የተሠሩ ነበሩ። መንገደኛው ግራና ቀኝ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፣ መሐሉ ላይ ዕቃ ይጫናል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ድንበር ተዘጋ፣ መንገደኛም ጠፋ። ብዙ የዓለም አየር መንገዶች ሠራተኛ ቀነሱ፣ ከመንግሥት ገንዘብ ጠየቁ። የእኛውስ ምን አደረገ? ከአንዳንድ አውሮፕላኖች የመንገደኛውን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸው! ማስክና የኮሮና መመርመሪያ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች አደረሰ። በጭነት ገቢ ክፉውን ቀን አለፈ፤ መንገደኛው ሲመለስም ወንበሩ ተመልሶ ተገጠመ።

ወንበር መንቀል ቀላል ይመስላል እንዴ? አይደለም፤ አውሮፕላን በዘፈቀደ አይነካም። አየር መንገዱ አብራሪና ቴክኒሻን የሚያሠለጥንበት የራሱ ትምህርት ቤት ስላለው ግን ባለሙያው በእጁ ነበር። ስለዚህ እኔ የተማርኩት፣ ችግር ሲመጣ የሚያወጣን ቀድመን የያዝነው ሙያ መሆኑን ነው።

ጥያቄ፦
1. የመጀመሪያው በረራ በየት በኩል ወዴት ነበር?
2. በኮሮና ጊዜ ወንበሩ ለምን ተነቀለ?

መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!