የባሕር ውሃ ሙቀትና የጥቅምት ዝናብ
ለእርሻ ልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ አጭር ትምህርት

መግቢያ

ባሕር አጠገብ ያለ አገር ዝናብ አያጣም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሶማሊያ ጠረፍ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ሆኖ ሳለ አብዛኛው ደረቅ ነው። ስለዚህ የባሕር ቅርበት ብቻውን ዝናብ አያስገኝም፤ የላይኛው ውሃ መሞቁ ወይም መቀዝቀዙም መታየት አለበት። ይህን ማወቅ በጥቅምትና በኅዳር ዝናብ ለሚተዳደሩት ለኬንያና ለሶማሊያ ጠረፍ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ሐገያን ለሚጠብቀው የቦረና፣ ደይርን ለሚጠብቀው የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ይጠቅማል።

1. ሙቀቱ ዝናብን እንዴት ይለውጣል?

ከሞቃት ባሕር ብዙ ውሃ ይተናል። እርጥበት የተሸከመው ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ይዘንባልም። በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ግን አየሩ ወደ ላይ ስለማይወጣ ደመናው አይዳብርም።

እንደ ወትሮው የሕንድ ውቅያኖስ ይበልጥ የሚሞቀው በኢንዶኔዥያ በኩል ነው። በአንዳንድ ዓመት ግን የአፍሪካው ወገን ከልክ በላይ ሲሞቅ የሱማትራው ወገን ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ዝናቡ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያደላል። ነገሩ ሲገለበጥ ድርቅ ይሆናል። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ የሚታየው ሙቀት፣ ማለትም ኤል ኒኖ፣ ብዙውን ጊዜ የጥቅምቱን ዝናብ ያበዛል፤ ቅዝቃዜው፣ ማለትም ላ ኒና፣ ያሳንሰዋል።

2. ካለፉት ዓመታት የተገኘ ትምህርት

ሀ) በ1990 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ) ኤል ኒኖና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሙቀት ተደራረቡ። በኬንያና በሶማሊያ ከባድ ጎርፍ ደረሰ፤ ትንኝ ስለተራባም የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰውንም ከብትንም ገደለ።

ለ) በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ፓስፊክ ከመደበኛው ብዙም ሳይርቅ የሕንድ ውቅያኖስ ብቻውን ጎርፍ አመጣ። ስለዚህ ኤል ኒኖን ብቻ መከታተል አይበቃም።

ሐ) ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ላ ኒና ስለተደጋገመ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረናና በሶማሌ ክልል እጅግ ብዙ ከብት አለቀ።

3. አንድ ወሬ፣ ሁለት ትርጉም

ኤል ኒኖ የደቡቡን የጥቅምት ዝናብ ቢያበዛም የሰሜኑንና የመካከለኛውን አገር የክረምት ዝናብ ያሳንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ስለተጓደለ በማግሥቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈልጓል። ለወሎ ገበሬ የድርቅ ማስጠንቀቂያ የሆነው ወሬ ለዋቢ ሸበሌ ዳር ነዋሪ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። «ኤል ኒኖ መጣ» ብሎ ብቻ መናገር ሕዝቡን ያሳስታል፤ የትኛው ወቅትና የትኛው ቦታ እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል።

4. ምን ይደረግ?

የጥቅምቱ ዝናብ ትንበያ ከወቅቱ በፊት፣ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ይሰማል።

ዝናብ ይበዛል ከተባለ፦
- እህልንና ዘርን ከወንዝ ዳር ማራቅ፤
- ኩሬ ጠርጎ ውሃ ለመያዝ መዘጋጀት፤
- ስለ ከብት ክትባት የእንስሳት ሐኪም ማማከር።

ዝናብ ያንሳል ከተባለ፦
- ድርቆሽ አጭዶ ማከማቸት፤
- የማያስፈልጉትን ከብቶች ሳይከሱና ዋጋ ሳይወድቅ መሸጥ፤
- ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ።

ማሳሰቢያ

ትንበያ የዕድል መጠንን ይናገራል እንጂ ቀን ቆርጦ አይሰጥም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ደግሞ ከባሕሩ ሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ስለሆነ የጥቅምቱን ትንበያ ለእርሱ መጠቀም አይገባም። ቢሆንም ከብቱ ከመክሳቱ በፊት የተሰማ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ከከሳ በኋላ ከሚመጣ ዕርዳታ ይልቅ መንጋን ያተርፋል።